ለእንግዳ ስለተቆለፉት የትንፋሽ ቀበቶዎች

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ትንፋሽዎስ? እኔ፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የትንፋሽ መጠበቂያ ቀበቶ ከጨርቅና ከስልክ ባትሪ የሠራሁት መሐንዲስ፣ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነችው በሆስፒታልዎ የተኛችው የእህቴ ልጅ ናት፤ አንዳንዴ መተንፈስ ትረሳለች። ቀበቶው ይህን ጊዜ ይጮሃል፤ ሰው ደርሶ የውስጥ እግሯን ሲነካት ትመለሳለች። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አቤት እላለሁ፦

1ኛ. በርክክቡ ዕለት ቀበቶዎቹ ርካሽ መሆናቸውን ደጋግመው ስላመሰገኑልን ውለታዎን አንረሳም። ሊቀርጸን የመጣው የቴሌቪዥን ካሜራ እንደወጣ ግን እንዳይቆሽሹ በማለት ከሕፃናቱ ላይ አስፈትተው፣ እንግዳ ሲመጣ እንዲወጡ በቢሮዎ የመስታወት ቁም ሳጥን ቆለፉባቸው። እናቴም ጥሩ ጥሩ ብርጭቆዎቿን ለእንግዳ ታስቀምጥ ስለነበር ልማዱን አውቀዋለሁ። እኛ በጣሳ ጠጥተን አደግን፤ በጣሳ መተንፈስ ግን አይቻልም።

2ኛ. ሕፃናቱ ይሸኑባቸዋል ብለው መስጋትዎ አስተዋይነትዎን ያሳያል። እኔም ስሠራቸው ይህንኑ ስላሰብኩ ይታጠባሉ።

3ኛ. በቀበቶው ፈንታ እህቴ እጇን ከልጇ ደረት ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ተራ እንያዝ ብላት እምቢ አለች። ትናንት እንቅልፍ ጣላትና እጇ ወረደ። ለክፍሉ ሁሉ አንድ የሆነችው ነርስ ሌላ ልጅ ልታይ ስታልፍ የሕፃኗ ከንፈር ጠቁሮ ባታይ ኖሮ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ይህን ደብዳቤ አልነበረም። እህቴ ከዚያ ወዲህ እጇን እያየች ታለቅሳለች። የሠራሁት ነገር ከበላያችን ባለው ፎቅ ተቆልፎበት፣ እሷ እጇን ትወቅሳለች። ክቡር ሆይ፣ ይህን መቻል አቃተኝ።

4ኛ. ቁልፉ ከኪስዎ እንደማይለይ፣ እርስዎም ከስብሰባ እንደማይለዩ ጸሐፊዎ ነግራኛለች። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ፈጣሪ ስለሰጠን ደስ ብሎናል።

የሚጠብቁት እንግዳ ከሆነ፣ ከዚህች ልጅ የበለጠ እንግዳ ከየት ይመጣል? ሳትጠራ፣ ቀኗ ሳይደርስ መጥታ፣ ገና ስም እንኳ አልወጣላትም። እባክዎ፣ እንግዳዋ ሳትሄድብን ቁም ሳጥኑን ይክፈቱልን።

ለእርስዎ ጤና፣ ለቁም ሳጥንዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከደጅዎ የማልጠፋው
የቀበቶዎቹ ሠሪ፣ የእንግዳዋ አክስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር እየጮኸ ስብሰባዎን እንደሚረብሽ ሰምቼ አዝኛለሁ። ብልሽት አይደለም፤ ሳይጠፋ የተቆለፈበት ቀበቶ ነው። የሚጮኸውም እዚያ የሚተነፍስ ሰው ስላጣ ነው።