የቀለም ቀቢው ቀኝ ትከሻ፦ አጭር የሕይወት ታሪክ

ባልደረቦቻቸው በቁመታቸው «ጋሽ መሰላል» ይሏቸው የነበሩት ቀለም ቀቢ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ እናታቸው በ1937 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው በሚያጸዱበት ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ከአጎታቸው ጋር የቀለም ሥራ ጀመሩ።

በ1964 ዓ.ም. የአንድ ቤተ መጻሕፍት ኮርኒስ ሲቀቡ በአንዲት ሠራተኛ መነጽር ላይ ነጭ ቀለም ጠብ አደረጉ። ባልደረቦቻቸው «ጋሽ መሰላል ይቅርታ ሊጠይቅ ወርዶ በዚያው ቀረ» ይሉ ነበር። በዓመቱ ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ከጊዜ በኋላ የቀኝ ትከሻቸው መገጣጠሚያ እየተበላ ሄደ። ኮርኒሱን ለሌሎች ትተው ግድግዳ ብቻ እየቀቡ ሕመሙን ደበቁ። የጠጉር ማበጠሪያ ማንሳት ሲያቅታቸው ግን ነገሩ ታወቀ፤ ባለቤታቸው ታበጥርላቸው ጀመር።

በ1994 ዓ.ም. ትከሻቸው በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተተካ። ሐኪሙ ሕመሙ እንደሚለቃቸው፣ ወደ ኮርኒስ ሥራ ግን እንደማይመለሱ ነገሯቸው። መገጣጠሚያው ዐሥር፣ ቢበዛ ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ከላላ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከባድ ነው ተባለ። ቤተሰቡ ያንን ቁጥር ይዞ ኖረ።

ቤታቸው እየመጣች የምታሠራቸው የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ ጣቶቻቸውን ግድግዳ ላይ ወደ ላይ እያስኬዱ፣ በየሳምንቱ የደረሱበትን በእርሳስ እንዲያሰምሩ አዘዘቻቸው። ግድግዳ ላይ ጭረት አይተው አልፈው የማያውቁት ሰው በሦስተኛው ወር ምልክቶቹን ሁሉ ቀብተው ጠበቋት።

«ጋሼ፣ መረጃዬን ቀቡት እኮ!»

«ምን ቸገረሽ ልጄ፣ ቀለሙ ያቆመበትን ለኪው።»

ለካች። ከራሳቸው በላይ አንድ ስንዝር ሆነ። ማበጠሪያውንም መልሰው ወሰዱ። ባለቤታቸው ደስ አላት፤ ማበጠሩ እንደናፈቃት ግን አልነገረቻቸውም።

እስከ ጡረታቸው ድረስ ለጀማሪ ቀቢዎች ቀለም ማዋሃድ አስተማሩ። በየዓመቱ የራጅ ምርመራ ቀን እሳቸው ቁርሳቸውን ጥርግ አድርገው ሲበሉ፣ ከቤቱ ሰው ምግብ የሚወርድለት አልነበረም። ዐሥር ዓመቱ አለፈ፤ ዐሥራ አምስቱም። በሃያኛው ዓመት መገጣጠሚያው ገና በሥራ ላይ ሳለ፣ የገጠሙት ሐኪም ጡረታ ወጥተው ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ለስምንት ወራት ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። የዚያን ዕለት ጠዋት ባለቤታቸው ልትረዳቸው ብትነሳ «ተይ፣ እኔ አለሁ» ብለው፣ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ በቀኝ እጃቸው እስከ ዳር ከፍተው ተመልሰው ጋደም አሉ።

የሁለት ልጆች አባትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ፤ ከባለቤታቸው ጋር ሃምሳ አንድ ዓመት ኖረዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሕመም በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መለየቱን የምንችልበት ጉልበት ይስጠን።