ለዘንዶ የሚፈረም የመውጫ ወረቀት

ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሳጥኑ ትናንት አልተቃጠለም።

ለተከበሩ አቶ ኃይለ መስቀል
የሕንፃ 22 ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዓለም ባንክ

ክቡር ሰብሳቢ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ ሻል እንዳለዎት፣ የደም ግፊትዎም የሰብሳቢነቱን ኃላፊነት ከተረከቡ ወዲህ እንዳልተባባሰ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የተቀመጥኩት ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ በሩ ዝግ በመሆኑና ከፊቴም ሰዎች በመኖራቸው፣ ጊዜው እንዲሁ ከሚያልፍ ይህን ደብዳቤ በስልኬ ጽፌ በነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለማውጣት ወስኛለሁ። ግሩፑ ከውኃ መጥፋት በቀር ሌላ ወሬ ስለሌለው ለለውጥ ያህል ይጠቅመዋል።

እርስዎ ጉዳዩን ቢያውቁትም፣ ለአዲስ ተከራዮች ስል ከሥሩ አነሳዋለሁ። እኔ ጦር ኃይሎች አካባቢ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ሆሳዕና ደግሞ ጥፍር ቤት ትሠራለች። ሁለታችን ከሥራ መልስ፣ ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ ምስሎችን እየገጣጠምን ቀለም እንቀባለን፤ ጭራቅ፣ ድንክ፣ አጽም ወታደር፣ እንዲህ ያሉ የተረት ፍጡራንን። አንዳንዶቹ እጅና እግራቸው ተለያይቶ በሰው ሻንጣ ከውጭ ይመጣሉ። የቀሩትን እኔ ጥርስ በምሠራበት ፕላስቲክ ስለማወጣቸው ቀለም እስኪቀቡ ድረስ መልካቸው ድድ ነው የሚመስለው። በሞረድ እናስተካክላቸዋለን፣ በሙጫ እናያይዛቸዋለን፣ ከጀሶና ከአሸዋ መቆሚያ እንሠራላቸዋለን፣ አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ በትነን ሣር እናበቅልላቸዋለን። ወደ እነሱ የሚጸልይ ሰው የለም። በእነሱ ላይም የሚጸልይ ሰው እስከ መስከረም ድረስ አልነበረም።

የምንሠራው በዓል ሲመጣ በሬ በሚታረድበት በኮሙናሉ ቤት ነበር፤ ቧንቧ፣ ረጅም ጠረጴዛና ሰፊ መስኮት ስላለው። የቀድሞው ኮሚቴ በቃል ፈቅዶልናል። በቃል የተፈቀደ ነገር በእርስዎ ዘመን ዋጋ እንደሌለው የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሌሎችም የማመሰግንባቸው ነገሮች ስላሉ በቁጥር አስቀምጣቸዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ፣ በሕንፃችን ስላወረዱት የሃይማኖት ሰላም ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

ነገሩ የጀመረው እኛ አንድ ባለ ቀንድ ጠንቋይ እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ አስቀምጠን ረስተን በመሄዳችን ነው። ረቡዕ ረቡዕ በዚያው ቤት የጸሎት ቡድን የሚመሩት ወ/ሮ ዘመነች፣ የሆሳዕና እናት ማለት ነው፣ አገኙትና የጽዋ ማኅበርተኞቹ ያስቀመጡት መሰላቸው። ጠብ ላለመፍጠር ብለው ዘይት ቀቡት፣ ገሠጹት፣ ከዚያም ለባለቤቶቹ ለመመለስ በዚያው ቤት ባለው የማኅበሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ከጽዋዎቹ አጠገብ አኖሩት። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያቸው ማለት ነው፣ ወ/ሮ ወለተጻድቅ በተራቸው ከጽዋዎቹ መካከል ሲያገኙት ጴንጤዎቹ ሆን ብለው ያደረጉት መሰላቸው። እሳቸውም ጠብ ስለማይወዱ ጸበል ረጩበትና ወደ ጸሎት ቡድኑ የድምፅ ማጉያ መደርደሪያ መለሱት። ጠንቋዩ በዚህ ሁኔታ ሁለት ወር ያህል ሲመላለስ ቆየ። ሁለቱ ሴቶች ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው እየቀዘቀዘ ሄደ። እኛ ደግሞ ጠፋብን ብለን አልጋ ሥር እንፈልግ ነበር። በመጨረሻ፣ እርስዎ ከጠሩት ስብሰባ በኋላ፣ በእጃችን ሲገባ በዘይቱ ምክንያት ቀለም አልይዝ ብሎ፣ በጸበሉ ምክንያት የመቆሚያው ሰጋቱራ አብጦ ነበር፤ ስለዚህ የሁለቱም ወገን ጸሎት ሠርቶበታል ማለት ይቻላል።

እርስዎ ጉዳዩ ሲደርስዎ ስብሰባ ጠሩ። ጠንቋዩን በመሐረብ ይዘው ከፍ አደረጉና «የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ለመነሳት ቃላት ስመርጥ ሆሳዕና ቀድማኝ ተነሳች።

«የኔ ነው» አለች።

እናትየው ከፊት ወንበር ዞር አሉ። «ቀንዱንም አንቺ ነሽ ያወጣሽለት?»

«አዎ እማዬ። አንዱ ወድቆበት ነበር፤ በሙጫ መለስኩለት።»

ከኋላ አንድ ሰው «ጥፍሩንም ሠርታለታለች እኮ» አለና አዳራሹ ሳቀ። ወ/ሮ ዘመነች አልሳቁም፣ ሆሳዕናም አልሳቀችም። ከዚያ «ምስሎቹ በአስቸኳይ ከግቢው ይውጡ» የሚለው ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ፤ በድምፅ ማጉያ ጉዳይ ለዓመታት መስማማት ያቃታቸው ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው እጃቸውን አወጡ። እርስዎም «ይኸው አንድነት» ብለው አጨበጨቡ። ለአንድነቱ የተከፈለው መሥዋዕት እኛ በመሆናችን ክብር ይሰማናል።

፪. ሁለተኛ፣ ለሳጥኑ ስለሰጡት ማረፊያ አመሰግናለሁ። ባለ ሁለት እጀታ የእንጨት ሳጥናችን በውሳኔው ዕለት ወደ ጥበቃው ክፍል ተወሰደ። እዚያ ጋሽ ገመቹ ሻይ የሚያፈሉበት ምድጃ ስላለ ለሰው የሚመች ሙቀት አለው፤ ለፕላስቲክ ግን እንደዚያ አይደለም። የአጽም ወታደሮቹ ጦር ቀስ በቀስ ጎብጧል። ጋሽ ገመቹ ትናንት ከፍተው አሳይተውኝ «አቶ ግሩም፣ እነዚህ እኮ እጅ ሰጥተዋል» አሉኝ።

፫. ሦስተኛው ስለ መውጫ ወረቀቱ ነው።

ይውጡ የተባሉትን ምስሎች ለማስወጣት በማግስቱ በር ላይ ስደርስ፣ ጋሽ ገመቹ በእርስዎ ፊርማና ማኅተም የተረጋገጠ የመውጫ ወረቀት ከሌለ ከግቢው ማንኪያ እንኳ እንደማይወጣ በትሕትና አስታወሱኝ። ትክክል ነበሩ። ወረቀቱን ልጠይቅ ወደ እርስዎ መጣሁ። በቅጹ ላይ የዕቃው ዓይነት የሚሞላበት ቦታ ስላለ መጀመሪያ «መጫወቻ» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ «አቶ ግሩም፣ ልጅ የለዎትም፤ መጫወቻው የማን ነው?» አሉኝ። የኔ ነው ስልዎ ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ሁለተኛ «የጥርስ ሞዴል» አልኩ። ሳጥኑን አስከፍተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ይሄ የማን ጥርስ ነው?» አሉ። ሦስተኛ፣ ምርጫ ሳጣ እውነቱን ጻፍኩ፦ አጽም ወታደር ሃያ፣ ድንክ ሰባት፣ ጭራቅ ሦስት፣ ጠንቋይ አንድ፣ ዘንዶ አንድ ከነቋጥኙ። ማኅተሙን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ጫፍ ካደረሱት በኋላ እጅዎ አየር ላይ ቆመ። «በኔ ፊርማ ሃያ አጽም ከግቢ ወጣ ተብሎ ነገ ፖሊስ ቢመጣስ?» አሉኝ።

ጥንቃቄዎ ያስመሰግናል። መፍትሔም አልነፈጉኝም፤ ምስሎቹ ቅርስ አለመሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሚመለከተው ቢሮ እንዳመጣ አዘዙኝ። ሄድኩ። እዚያ ያለችው ልጅ እየሳቀችም ቢሆን በደንብ አስተናግዳኛለች፤ ዕቃው ምን አለመሆኑን ለመጻፍ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ኮሚቴው ጽፎ ማኅተም ያድርግበት አለችኝ። ተመለስኩ። እርስዎ ለስብሰባ ወጥተው ነበር። በማግስቱም መጣሁ፤ ለሌላ ስብሰባ ወጥተው ነበር። ምስሎቹ በውሳኔው ምክንያት መቆየት፣ በደንቡ ምክንያት መውጣት ያልቻሉት በዚህ መልክ ነው። ከወንበሩ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ወንበሩ መመላለስ ለልብ ጤና ይጠቅማል ስለሚባል፣ ይህንንም ከምስጋናው አላስቀረውም።

፬. ኅዳር ሲታጠን ነውና፣ ሐሙስ ማታ ለችግሩ የመጨረሻ መፍትሔ ማግኘትዎን ሰማሁ። «የሚቃጠል ዕቃ መውጫ አያስፈልገውም» ብለዋል አሉ። ሕጉን ከእኔ በተሻለ ስለሚያውቁ አልከራከርም። ትናንት ጠዋት ሰው ሁሉ ካርቶኑንና ደረቅ ቅጠሉን ከበሩ ውጭ ከምሮ እሳት ሲለኩስ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ሳጥኑን ለመውሰድ መጡ። ሆሳዕና አንዱን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። አልጮኸችም፣ አልለመነችም፤ ግን አትለቅም። ነገሩን የፈቱት ጋሽ ገመቹ ናቸው።

«ጌቶቼ፣ ይሄ ፕላስቲክ ነው። እናንተ ለኩሳችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ፤ ጭሱ የኔ ክፍል ነው የሚገባው» ብለው ሳጥኑ ላይ ተቀመጡበት። እስከ ምሳ ሰዓትም አልተነሱም። እሳቱ ካርቶንና ቅጠል በልቶ ጠፋ።

፭. አምስተኛው ምስጋና ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ አጭር ነው።

ዘንዶው የሆሳዕና ነው። ሁለት ክረምት ሠርታበታለች። ቅርፊቱን አንድ በአንድ የቀባችው በጥፍር ብሩሽ ነው፤ ሆዱ ሥር ያለውን፣ ማንም ገልብጦ የማያየውን ጭምር። ክንፉ ሦስት ጊዜ ተሰብሮ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል። ዛሬ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ሳንሱሲ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ከከተማው ልዩ ልዩ ሰፈሮች የመጡ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ሥራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ። ሆሳዕና ለዚህ ብላ በሠርግ ወቅት፣ ያውም ቅዳሜ፣ ከጥፍር ቤት ፈቃድ ጠይቃለች። እስከ ዛሬ ዘንዶውን ያየነው ጥቂቶች ነን፤ እኔ አደንቀዋለሁ፣ ጋሽ ገመቹ ይፈሩታል፣ የጸሎት ቡድኑ ይገሥጸዋል። ጥሩ ይሁን መጥፎ ሊነግራት የሚችል ዓይን ያለው ሰው አላየውም። ዛሬ ካልወጣ የሚያየው የለም፤ ከምድጃው አጠገብ አንድ ሳምንት ከቆየ ደግሞ የሚታይም ነገር አይኖርም።

የምጠይቅዎ አንድ ፊርማ ብቻ ነው። «ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ» ብለው ቢፈርሙም ቅር አይለኝም። ከፊቴ ያሉት ሰዎች ሁለት ቀርተዋል፤ አንደኛው የቧንቧ ጉዳይ ስለሆነ ረጅም ይሆናል። ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። አሁን ቆሜ ነው የምጽፈው።

ለጤናዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማያልቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ በውሳኔዎ ትክክለኛነትና በወንበርዎ ጥንካሬ ፈጽሞ ጥርጣሬ የሌለኝ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

ግሩም
ከአራተኛ ፎቅ፣ ለጊዜው ከአግዳሚው ወንበር

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ አሁን ከሆሳዕና መልእክት ደረሰኝ። «ጋሽ ግሩም ቶሎ በር ላይ ይምጡ። እማዬ ሳጥኑን አንስታለች» ይላል። ሁለተኛው መልእክት ዘርዘር ያለ ነው። ጋሽ ገመቹ ወረቀት ሲጠይቋቸው ወ/ሮ ዘመነች «ይውጣ ተብሎ እጄን አውጥቻለሁ። ታዲያ እየወጣ ነው፤ ሌላ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ብለዋል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የደረሱት ወ/ሮ ወለተጻድቅ ደግሞ «እኔም እጄን አውጥቻለሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሁለተኛውን እጀታ ይዘዋል። ወ/ሮ ዘመነች መውጣቱን በዓይናቸው ካላዩ ስለማያምኑ እስከ ሳንሱሲ አብረው እንደሚሄዱም አስታውቀዋል። ለልጃቸው ብለው ይሁን ለዘንዶው መባረር፣ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ጉባኤው ይውጣ ያለው ዕቃ ያለ እርስዎ ፊርማ እንደሚወጣ ዛሬ ተረጋግጧል። በሦስተኛ ፎቅ የጋራ መተላለፊያ ላይ በላሜራ አጥረው የቆለፉበት መጋዘንዎ ውስጥ ምን እንዳለ ነዋሪው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ግን እጁን ለማውጣት እንደማይሰንፍ አምናለሁ።

በሩ ተከፍቶ ስሜ እየተጠራ ነው። ተራዬን ከኋላዬ ለተቀመጠው ሰው ሰጥቼ ደረጃውን እየወረድኩ ነው፤ ዘንዶው ከተዘነበለ ክንፉ አይተርፍም፣ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ በቁመት አይመጣጠኑም።