ጨቅጫቃዋ ድንክ አክስቴ ናት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የመዶሻ ድምፅ ስቀርጽ ዋልኩ። ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ ማይክ ላይ እንደ ድንጋይ አይሰማም። ብረት ድስት በፎጣ ጠቅልለሽ ስትመቺው ግን... ድንጋይ! ከቢሯችን ሥር ያለው ጎማ ጠጋኝ ወጥቶ "እዚያ ላይ ምን እየፈረሰ ነው?" ብሎ ጮኸ። "ተራራ!" አልኩት በመስኮት። ራሱን ነቅንቆ ገባ።

የሠራነው የኮምፒውተር ጌም ነገ ይወጣል። አራት ሰዎች ነን፤ አለቃ፣ ፕሮግራመሩ፣ ሰዓሊዋና እኔ። ድንኮች ተራራ ይቆፍራሉ፣ አዳራሽ ይሠራሉ፣ ወርቅ ያወጣሉ፣ ቢራ ይጠምቃሉ፣ አልጋ ካጡ ያኮርፋሉ። ተጫዋቹ ያዛቸዋል። ይሰሙታል? ደስ ሲላቸው።

ቤት ስገባ አክስቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ነገ እንግዲህ ድምፄ አገር ላገር ሊዞር ነው።" የቆፋሪዎቹን አለቃ፣ ያቺን ባለ ወፍራም ድምፅ ድንክ የተናገረችው እሷ ናት። እኛው ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በካፖርት መሃል ቆማ። ዕድሜዋን ሙሉ የአውቶቡስ መናኸሪያ ማይክ ላይ "የሚሄድ ይግባ፣ የሚቀር ይሰናበት" ስትል ኖራ ዐምና ጡረታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር ሲልባት ከፍሪጁ ጋር ትጣላለች። ይኼ ሥራ ሲመጣላት እንዴት ፊቷ እንደበራ...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ወጣ!

ሰዓሊዋ ዓይኗን በእጇ ሸፍና በጣቶቿ መሃል ነው አስተያየቶቹን ያነበበችው። ጥቂቱን ልጻፍ፣ እንዳይረሳኝ።

"ድንኮቼ ከመቆፈር ይልቅ ሲያኮርፉ ይውላሉ። ቤት ያሉት አይበቁኝም?"

"አንዱ ድንኬ ግድግዳ ሲገነባ ራሱን ውስጥ ዘግቶ ቀረ። ስፈልገው አመሸሁ። አምስት ኮከብ።"

"አዳራሼን ውሃ ሞላው፣ ሁሉም አለቁ። ሳቅሁ። እንደገና ጀመርኩ።"

"መመሪያ የሚባል ነገር የለውም። ፊደሉ ደግሞ ለጉንዳን ነው እንዴ የተጻፈው?"

አለቃ ወደ ፕሮግራመሩ ዞሮ "ራሱን ዘግቶ የቀረው ስህተት ነው?" አለው። "አይ፣ ጠባዩ ነው" አለ ፕሮግራመሩ፣ ፊቱ ሳይፈታ።

ከዚያ ንባቡን ወደ ታች ቀጠልኩ። "ያቺን ጨቅጫቃ ድንክ ዝም የሚያሰኝልኝ ማን ነው?" ሌላ... "ጌሙን ወድጄዋለሁ፣ ሴትዮዋን ግን አልቻልኳትም።" ሌላም። ሌላም።

ቤት፦ "እህሳ! ምን አሉ?"

"ወደዱት።"

"እኔንስ?"

"አንቺን ደግሞ... 'ድምፅዋ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ' ያለ አለ።"

ዋሸሁ እንዴ? ሰውየው ቃል በቃል ጽፎታል። ቀጥሎ "መድኃኒት ካለ ንገሩኝ" ማለቱን ነው ያስቀረሁት።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 7

"ዛሬስ?" ትላለች ገና ጫማዬን ሳላወልቅ። ለደረጃው ጎረቤት ሁሉ ነግራለች። ከታች ያሉት ሴትዮ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ አክስትሽ ታዋቂ ሆነች አሉ" አሉኝ። እኔም በየቀኑ መርጬ፣ ቆርጬ፣ አሳምሬ አነብላታለሁ።

ችግሩ ድምፅዋ አይደለም። እሱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። መውጫው ቀን ሲደርስብን ጥቂት ዐረፍተ ነገር ብቻ ቀረጽኩና "ይበቃል" አልኩ። ድንኪቱ መዶሻ ባነሳች ቁጥር "መዶሻዬን ማን ነካው?" ትላለች። አስቀምጣ ስታነሳውም "መዶሻዬን ማን ነካው?" ማንም አልነካውም እኮ! ማን ቢሆን አይሰለች? ጥፋቱ የኔ፣ ስድቡ የሷ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ስብሰባ። አለቃ እስክሪብቶውን እያኘከ "ባለሙያ እናምጣ" አለ። "አክስትሽን አከብራቸዋለሁ፣ ታውቂያለሽ። ግን ሰዉ ሁሉ የሚያነሳው እሳቸውን ነው። አንዲት የቴአትር ሰው አግኝቻለሁ። አንቺ በዘዴ ንገሪያቸው።"

የቃላቱ ማነስ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው... ብዬ መለስኩ? አልመለስኩም። እሺ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ።

ምን ሆኜ ነው የነቀነቅኩት?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አልነገርኳትም። ጥርሷን አሟት ስለዋለ ነው። ...ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

የዛሬውን እንዴት ልጻፈው? ግማሹ ሳቅ ነው፣ ግማሹ ግን አይደለም።

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ገና ከመግባታችን እንግዳ ተቀባይዋን "ይኼ ወረፋ የሚሄድ ነው ወይስ የቆመ?" አለቻት፣ በዚያ በመናኸሪያ ድምፅዋ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ሐኪሙም በሩን ገርበብ አድርጎ አየና ተመለሰ።

ተራችን ደረሰ። ወጣት ነው፣ ሳቂታ። መርፌውን ወጋት፣ አፏን በጥጥ ሞላው፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ድምፅዎን የት ነው የማውቀው?"

አክስቴ ጥጡን እንደጎረሰች፣ ኮራ ብላ፦ "ድን... ድን..."

"ድንኳን?"

"ድንክ ነው ያለችው" አልኩ። ባልተናገርኩ!

መስተዋቱ ከእጁ ወደቀ። "መዶሻዬን ማን ነካው! እርስዎ ነዎት እንዴ? ያቺ ጨቅጫቃ!" የአክስቴ ዓይን በደስታ አበራ። እሱ ግን አላቆመም። "ሰው ሁሉ እኮ 'ዝም አሰኙልን' እያለ ነው! አላነበቡትም? እኔ ራሴ በሁለተኛው ቀን ድምፁን አጠፋሁት!" ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች... እንዴት እንዳየችኝ! በዚያች ሰዓት የኔ ጥርስ ቢነቀል በወደድኩ።

ሐኪሙ ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን ዋሻው ጭር አለብኝ። መልሼ ከፈትኩት። እውነቴን ነው፣ እናቴ።" ከዚያ ነቀለ።

ታክሲ ውስጥ ዝም። ቤት ዝም። ሐኪሙ እስከ ነገ ብዙ አያውሩ ብሏታል። ዝም ያለችው ለጥርሷ ነው ወይስ ለኔ? ዕድሜዋን ሙሉ መቼ የሐኪም ትእዛዝ ሰምታ ታውቃለችና...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሾርባ ሠራሁላት። ጠጣች። ሳህኑን አጠበች። ዛሬ ከፍሪጁ ጋር እንኳ አልተጣላችም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

"ነይ፣ ቁጭ በይ።" ቁጭ አልኩ። "አፌ በጥጥ ተሞላ እንጂ ጆሮዬ አልተነቀለም።"

"አክስትዬ..."

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

"መናኸሪያ አውቶቡስ ያመለጠው ሁሉ ማንን የሚሰድብ ይመስልሻል? ሹፌሩን? እኔን ነው! በዚያ መስታወት በኩል ያልተባልኩት ነገር የለም። ስድብማ ምሳዬ ነበር። የከፋኝ፣ አንቺ እንደ ሕፃን በከረሜላ ስታታልይኝ መክረምሽ ነው። ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ?"

አለቀስኩ። ከዚያ የቀረውንም ዘረገፍኩት። በጥድፊያ ጥቂት ቃል ብቻ መቅረጼን፣ ባለሙያ ሊመጣ መሆኑን፣ አንገቴን መነቅነቄን። መነቅነቄን ስነግራት ቅንድቧን አነሳች።

"ሴትዮዋ ጥሩ ድምፅ አላት?" አለች ቆይታ።

"እኔንጃ። አልሰማኋትም።"

"በይ አንብቢልኝ። ጥሩ ጥሩውን ተይው፣ እሱን ጠግቤያለሁ። መጥፎውን።"

ጀመርኩ። 'ድንኮቼ ሲያኮርፉ ይውላሉ' ያለውን ሳነብላት በዚያ በቆፋሪ አለቃ ድምፅ "አልጋ ስጠና! ድንጋይ ላይ አድረህ አንተስ ትስቃለህ?" አለች። ሳቄ አመለጠኝ። ራሱን ዘግቶ ስለቀረው ደግሞ፦ "ተዉት! ሰላም ፈልጎ ነው የገባው።" አዳራሹን ውሃ ስለሞላበት፦ "ወንዝ ሥር ቆፍሩ ያልከን አንተ። የሰመጥነው እኛ። የምትስቀውም አንተ!"

ብድግ አልኩ። "ቁም ሳጥን ግቢ!"

"ምን?"

"ግቢ ግቢ ግቢ! ማይኩን ላምጣ!"

ካፖርቶቹን ገፍታ ገባች። ስንት ቀረጽን? አልቆጠርኩም። መሃል ላይ የካፖርት መስቀያው ተሰብሮ ልብሱ ሁሉ ወረደባት። ከሥር ሆና እየጮኸች "ዋሻው ተደረመሰ! ማን ነው የደገፈው?" አለች። እሱንም ቀረጽኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ አንገቴን አልነቀነቅኩም።

"ከአክስቴ በፊት ስለኔ እናውራ" አልኩ። "ሰዉን ያሰለቸው የቃላቱ ማነስ ነው። ጥቂት የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ስብሰባው ላይ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ።" ከዚያ ቀረጻውን ከፈትኩ።

ፕሮግራመሩ ሳቀ። ፕሮግራመሩ! ሰዓሊዋ ደንግጣ ዞራ አየችው። አለቃ ግን እስክሪብቶውን አኘከ። "ተጫዋቹን እየሰደቡት እኮ ነው።"

"እየመለሰችለት ነው እንጂ።"

"ገንዘቡን ከፍሎ የሚሰደብ ማን አለ?"

ስልኬ ጠራ። አክስቴ። "ከዚያ ሰውዬ ጋር አገናኚኝ" አለች። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኳት።

"ጤና ይስጥልኝ አለቃ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። እኔን ዝም ማሰኛ ቁልፍ አድርጉ። ያልፈለገኝ ሰው በግድ አይስማኝ። መናኸሪያ ማንም ጆሮውን መዝጋት አይችልም ነበር፣ እሱ ያሳዝነኝ ነበር።"

ይኼን አልነገረችኝም። ቁልፍ? በራሷ ላይ? አለቃ እስክሪብቶውን ከአፉ አወጣ። "እናታችን፣ ቁልፉን እናደርጋለን" አለ። "ቀረጻውንም... እንሞክረው። ካልሆነ ግን ባለሙያዋ ትመጣለች።"

"ትምጣ። እኔ ምን ቸገረኝ!" ብላ ዘጋችው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ቀን ቢሮ፣ ማታ ቁም ሳጥን። አዲስ ወቀሳ ሲመጣ "ይኼማ ግሩም ነው!" ብላ እጇን ታሻሻለች። ዛሬ ተጣላን። የጻፍኩላትን አንድ መስመር አልልም አለች። "'የተራራው መንፈስ ይጠራኛል'? ቆፋሪ እንዲህ አይልም። 'ወገቤን!' ነው የሚለው።" ወቸ ጉድ። ቀየርኩት። ልክ ናት? አዎ ልክ ናት፣ እሷ ባታየው እዚህ ልጽፈው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ትናንት አዲሱ ቅጂ ወጣ። ፈርቼ ምሳ አልበላሁም። ዛሬ የተጻፉት፦

"ስለ ፊደሉ ማነስ አማርሬ ነበር። ድንኪቱ 'እኔ በጨለማ ወርቅ አያለሁ፣ አንተ መነጽር ግዛ' አለችኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። እኔን ነው እንዴ?" (ፊደሉንም አሳድገነዋል፣ ደግሞ።)

"አሁንም አልወዳትም። ግን እውነቷን ነው።"

"እያሾፈችብኝ ስትውል የሞተችውን እናቴን አስታወሰችኝ። ቆፍሬ ቆፍሬ አልጠግብ አልኩ።"

"ዝም ማሰኛውን ተጫንኩት። ተመስገን። አሁን ምርጥ ጌም ነው።"

ሁሉንም አነበብኩላት፣ አንዱንም ሳልቆርጥ። ስለ እናቱ የጻፈው ላይ ሻይዋን አማሰለች። የመጨረሻው ላይ ግን እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ይኼ ደስ ይለኛል። ቁርጡን የሚያውቅ ሰው!"

አለቃ ባለሙያዋን አልሰረዛትም። ለወርቅ ነጋዴዋ ድንክ ቀጠራት። አክስቴ ስትሰማ "ጎሽ፣ የምከራከራት አገኘሁ" አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። ጊዜ የለማ!

አክስቴ አሁን ቢሮ ትመጣለች። ሰዓሊዋ ትራስ ሰፍታላት የራሷ ወንበር አላት። ጎማ ጠጋኙ ስትወጣ ስትገባ "አለቃ!" እያለ ሰላም ይላታል፤ የኛ አለቃ ሰምቶ ሁለቴ ዞሮ አይቷል። ነጋዴዋና እሷ ማይክ ፊት ይጣላሉ፣ ከማይክ ውጭም ይጣላሉ፣ ከዚያ አብረው ገበያ ይሄዳሉ። ፍሪጁ ሰላም አግኝቷል።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ስልኳን ከፍታ ስታነብ ቆየች። አስተያየቶቹን አሁን ራሷ ነው የምታነበው።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ስላንቺ ነው።"

"ስለኔ? እኔን ማን ያውቀኛል?"

መነጽሯን አስተካከለች። "'የዋሻው ውሃ ድምፅ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ነው። የቀረጸው ሰው ዋሻ አይቶ አያውቅም።'"

ፊቴ ጋለ። መታጠቢያ ቤት ነዋ! የኛው መታጠቢያ ቤት ነው! ማን ነገረው? ያን ውሃ ስንት ቀን ለፍቼበታለሁ... ለካ እንዲህ ነው የሚያቃጥለው። ዳቦዬን አስቀመጥኩ። አክስቴ አየችኝ። አላባበለችኝም። ሻይ ቀዳችልኝና ስኳሩን ወደኔ ገፋችው።

"ሌላም አለ" አለች። "ከዚህ የባሰ ነው። ላንብብ ወይስ ይቅር?"

ወንበሬን ወደሷ ሳብኩ።

"አንብቢ" አልኳት። "እንዳትቆርጪ ብቻ።"