መሪው ተገልብጦ የቆመባት መኪና

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ ቢልቂስ። አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ከስቶክሆልም ብርድም ይጋርድሽ። ካልሲ ደርበሽ አድርጊ እንጂ! እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ በጦርነቱ የፈረሱት የሰፈራችን የጋአን ሊባህ ቤቶችም አንድ በአንድ ጣሪያ እየለበሱ ነው።

ጎረቤታችን ማህዲ ከስደት ተመልሶ የሟች አባቱን መኪና ከፈረሰው ግድግዳቸው ሥር አወጣት። ታክሲ ሊያደርጋት ነው። አባትሽ የመሪውን መጋጠሚያ ፈታና ያረጀውን ላስቲክ ቀይሮ መልሶ ገጠመው። ጎማዎቹ ቀጥ ሲሉ ግን መሪው ተገልብጦ ቆመ። ሦስት ጊዜ ፈትቶ ቢገጥመውም አልሆነለትም።

እኔ ነገሩ ከነከነኝና የመሪውን ዘንግ በጨርቅ ወለወልኩት። ቀጭን ጭረት አገኘሁ፤ መጋጠሚያው ላይም ሌላ ጭረት አለ።

«የቢልቂስ አባት፣ እነዚህ ሁለቱ ቢገናኙስ?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ!» አለና ሞከረው። መሪው ቀጥ አለ!

ማህዲ ጭረቱን በጣቱ እየዳሰሰ ቆየ። «አባቴ ነው የጫረው። የሚፈታውን ሁሉ እንዲህ ምልክት ያደርግበት ነበር» አለና ዓይኑ እንባ ሞላ።

ከዚያ ወዲህ አባትሽ አዲስ ሥራ ሲመጣ ጠርቶ ያሳየኛል። እዚያ አገር ሴት መካኒክ አለች ይላሉ። እውነት ከሆነ፣ እስቲ ሄደሽ ስትሠራ አይተሽ ጻፊልኝ። አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጄ።

እናትሽ ሀሲና