ሙሉ በሦስት እግሯ

ቢቸና
ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ሞጣ እህትህ ቤት ለከረምከው ለባለቤቴ ለየሻው፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። «ወይ እኔ ወይ ይቺ ጎዶሎ» ብለህ ጥለሃት የሄድካት ግልገልም ደህና ናት። ስሟን ሙሉ ብያታለሁ፤ ከፈለግክ ተናደድ።

የበግ ነጋዴ ቤት ሦስት እግር ያላት በግ ተወለደች ብለው ገበያተኞቹ እንደሳቁብህ አውቃለሁ። በእኔም ሲስቁ ነው የከረሙት። እናቷ እየረገጠች አላጠባ ስትላት በጡጦ አሳደግኳት፤ ሁዳዴውን እኔ ሽሮ፣ እሷ ወተት። ደረቷን በአሮጌ ነጠላ ደግፌ መራመድ አስተማርኳት። የጎደለው እግሯ ጉማጅ ሲቆስል ከባጃጅ ጎማ ቁራጭ ሰፍቼ አለበስኳት፤ ሁለት ወስፌ ሰብሬአለሁ።

አንድ ቀን ጭንቅ ሲለኝ «ጊዮርጊስ ሆይ፣ በአራት እግሯ ካቆምክልኝ ያንተው ትሁን» ብዬ ተሳልኩ። ያው ሰው ሁሉ ለከብቱ እንዲያ ብሎ አይደል የሚሳለው፤ ከአፌ አመለጠኝ እንጂ አራተኛው እግር ከየት ይመጣል? ጎረቤታችን እትዬ ውበቴ ሰምተውኝ ኖሯል። ከፋሲካ በኋላ ሙሉ በግቢው ውስጥ ስትሮጥ አዩና፣ ስለትሽ ደርሷል፣ አግቢ አሉኝ። የስለት ነገር ታውቃለህ፤ አይካድም። ከትናንት ወዲያ በጊዮርጊስ ንግሥ ቀን ይዣት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽህም።

የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ደጀ ሰላሙ ላይ አገኙኝና ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። የተሳልሽበትን ቃል ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ድገሚልኝ አሉ፤ ደገምኩላቸው። ጎንበስ ብለው እግሮቿን አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«የተሳልሽው በአራት፣ የቆመችው በሦስት። ስለትሽ አልደረሰምና ልጅሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ግቢ።»

የሻው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እልል አልኩልህ። በንግሥ ቀን እልልታ ብርቅ አይደለምና ዞሮ ያየኝ የለም። ስንመለስ ገመዷን ፈታሁላት፤ በገበያው መሃል እየዘለለች ከፊቴ ከፊቴ ሮጠች። ያ የሳቀብህ ደላላ፣ ስጦታው የሚሉት፣ ትሸጫታለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት በደብዳቤ አይጻፍም።

እህትህን ሰላም በልልኝ። ጊዮርጊስ ከክፉ ነገር ይጋርድህ።

ለአንተም ተስያለሁ። በዚህኛው ግን እግር አልቆጠርኩም፤ «ብቻ ይምጣልኝ» ነው ያልኩት።

ሚስትህ ካሰች