ቀማሽ ያጣ መረቅ

ለውድ የልጅ ልጄ ለቺሆ፣

ይህ ሰላምታዬ እንደ አያትሽ እያነከሰ ሳይሆን ባሕሩን በሩጫ ተሻግሮ ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽ ሬናቶ እንዴት ነው? የአማትሽ የወይዘሮ ኪዮ ወገብ ሻል አለው? ትንሹስ ልጅ? ፎቶውን አይተነዋል። ሁለት ጥርስ አለው፣ ትንሽ ፀጉር አለው፣ ያለ ምክንያት ይስቃል። በጥርሱም በፀጉሩም በልጦኛል፣ በሦስተኛው ግን እኩል ነን። እንቅልፍ ይሰጥሻል? በደንብ ትበያለሽ? ስልክ ላይ "ደህና ነኝ" እንደምትዪ አውቃለሁ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ትኩሳት እያንቀጠቀጠሽም "ደህና ነኝ" ባይ ነሽ። ከማን እንደወረስሽው በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ታገኚዋለሽ።

እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፣ ጆሮዬ ደስ ያለውን ብቻ ይሰማል። የመጀመሪያው በረዶ ባለፈው ሐሙስ ጥሏል። ጎመኑን ቀድመን ስላስገባን ለእኛ አታስቢ።

የላክሽው የጀርባ ፕላስተር ማክሰኞ ደረሰ። አባትሽ ጥቅሉን ፈትቶ ከእናትሽ ፎቶ ፊት አኖረው። ራሱም እዚያው ተቀመጠ፣ ምሳ ሰዓት አልፎም አልተነሣም። ቺሆ፣ የአባትሽ ጀርባ ምንም አልሆነም። የኑድልና የመረቅ ራመኑን የሚሸጥበትን ቤት የዘጋው አሞት አይደለም። ለአንቺ እንዳልጽፍ ቃል አስገብቶኛል፣ ይኸው ቃሌን እያፈረስኩ ነው። ሲያውቅ ይቆጣኛል። ይቆጣ። ፕላስተሩን ካየሁ ወዲህ ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

እናትሽ በሕይወት ሳለች የነበረውን ታስታውሻለሽ። ገና ሳይነጋጋ አባትሽ ትልቁን ድስት ይከፍትና በትንሽዬ ነጭ ሳህን መረቅ ቀድቶ ይሰጣታል። ፉት ትላለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ወይ ራሷን ትነቀንቃለች ወይ አንድ ሁለት ጣት ታነሣለች። እሱም በጣቶቿ ቁጥር ጨዋማውን የአኩሪ አተር ስጎ ይጨምራል። ይህ ሳይሆን ቤቱ መከፈቱን የሚናገረው መጋረጃ በር ላይ አይሰቀልም ነበር። ደንበኛው ሁሉ የባልና ሚስት ፍቅር ነው ይላል። እኔማ "እኛን ከመመረዙ በፊት በሚስቱ ይሞክራል" እያልኩ አስቃቸው ነበር።

አንድ ሰዓት ላይ መጋረጃው እንደተሰቀለ ቀድሜ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ከባንኮኒው ግራ ጫፍ። ከእኔ ቀጥሎ ፖስታ ቤት ትሠራ የነበረችው ኦጉማ፣ ከእሷ ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ኢጋራሺ። ሌላው ሰው ቁርሱን ሩዝ ይበላል፣ የእኛ የኪታካታ ሰው ግን ራመኑን ሳይስብ ቀኑ አይነጋለትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የመጀመሪያውን አፍ እንደዋጥኩ አንድ ነገር ሳልል ቀርቼ አላውቅም። "ኖቡ፣ ዛሬ ካልሲህን ያጠብክበት ነው?" እለዋለሁ አባትሽን። "አዎ አባዬ፣ ነገ ደግሞ ያንተን አምጣልኝ" ይለኛል። ኦጉማ "እርስዎ ሽማግሌ፣ ካልጣመዎት ቤትዎ አይበሉም እንዴ?" ትለኛለች። "ቤት ውስጥ የምሰድበው ሰው የለማ" እላታለሁ። እንዲህ ነበር ጠዋታችን።

ከዚያ እናትሽ ሳዮኮ አረፈች። አንቺ ልትወልጂ ደርሰሽ ስለነበር አውሮፕላን ከለከሉሽ። ከቀብሯ የቀረሽው በዚህ ነው፣ ማንም በልቡ አልወቀሰሽም፣ አንቺም ራስሽን አትውቀሺ። የሰባቱ ሳምንት ሐዘን ሲያልቅ አባትሽ ቤቱን መልሶ ከፈተ። የመጀመሪያዋን ሳህን ከእናትሽ ፎቶ ፊት ያስቀምጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ መጋረጃውን ይሰቅላል።

መረቁ ጨው በዝቶበት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ነው፤ ሐዘን ላይ ያለ እጅ ነው፣ ይስተካከላል ተባባልን። በሚቀጥለው ወር ባሰ። በጁን እኔ ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ውሃው ነበር የምሮጠው። ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ ትዪኝ ይሆናል። መረቁን እስከ ታች ጠጥቶ ሳህኑን ባዶ መመለስ ለአብሳዩ የምንሰጠው ቃል መሆኑን አንቺ እዚያ ባንኮኒ ሥር ያደግሽው ታውቂዋለሽ። ሚስቱን ቀብሮ የተመለሰ ሰው ፊት ግማሽ ሳህን ትቶ ማን ይነሣል? ሁላችንም ጠጣን፣ እስከ ጠብታዋ ጠጣን። እሱ ባዶ ሳህን ባየ ቁጥር ልክ ነኝ ይላል። እኛ ደግሞ ነገ ይሻለዋል እያልን እንመጣለን። እንዲህ ያለውን ሞኝነት ከእኛ በቀር የሚሠራው ያለ አይመስለኝም።

ኦጉማን ሐኪሟ የደምሽ ግፊት ጣራ ነክቷል፣ ምንድን ነው የምትበዪው አላት። "ጎመን ብቻ" ብላ ዋሸችው። በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ሳህኗን ሙልጭ አደረገችው። "ኧረ አንቺ ሴትዮ ትሞቻለሽ" ብዬ በጆሮዋ ሹክ ስላት፣ "እርስዎ ይንገሩት እንጂ፤ ሲሰድቡት የኖሩት እርስዎ አይደሉ?" አለችኝ።

ልክ ነበረች። ምላስ ያለው ሰው ተብዬ የኖርኩት እኔ ነኝ። በኦገስት አንድ ጠዋት ቆረጥኩና "ኖቡ፣ ዛሬ ደግሞ ባሕሩን በሙሉ ነው እንዴ የቀቀልከው?" አልኩት። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ጭልፋውን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። "ተመልሰሃላ አባዬ፣ ታመሃል ብዬ ሰግቼ ነበር" አለኝ። ለካ ከቀብሩ ወዲህ ስድቤን ትቼ ኖሬአለሁ። ኢጋራሺም ኦጉማም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ሳህኔንም ጨረስኩ። እውነቱን ነግሬው ነበር እኮ ቺሆ። ቀልድ ሆኖ ቀረብኝ።

በዚያው ሰሞን ከቶኪዮ የመጡ ባልና ሚስት አንድ ሁለቴ ስበው መረቁን እንዳለ ትተው ተነሡ። አባትሽ ሁለቱን ሙሉ ሳህኖች ይዞ ብዙ ቆመ። ኦጉማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "የቶኪዮ ሰው እኮ አፉ ቀዝቃዛ ነገር ነው የለመደው፣ ጣዕም ከየት ያውቃል" አለች። ኢጋራሺም "አዎ፣ ፀጉራቸውንም አይተሽዋል? እንደዚያ ከሚቆርጥ ሰው ምን ይጠበቃል" አለ። አባትሽ ፈገግ ብሎ ሳህኖቹን ደፋ። ያን ቀን ሁላችንም የውለታ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር።

በኦክቶበር አጋማሽ፣ አዲስ ደንበኛ መምጣቱን ሲተው፣ በቃ በቁም ነገር እነግረዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ቀልድ እንዳይመስል ባርኔጣዬን አውልቄ ጭኔ ላይ አደረግሁ። የምለውንም መንገድ ላይ ስደጋግም ነው የመጣሁት። አንድ አፍ ዋጥኩ። አባትሽ ክንዱን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ "እሺ አባዬ፣ የዛሬው ስድብ ምንድን ነው?" አለኝ። ፊቱን አየሁት። ከስቷል፣ እየጠበቀኝ ነው፣ ሊስቅ ተዘጋጅቷል። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

"ጥሩ ነው" አልኩት። "በጣም ጥሩ ነው ልጄ።"

ኢጋራሺ እየሳበ የነበረውን ኑድል አፉ ላይ አቆመው። አባትሽ ጭልፋውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አመስግኜው አላውቅማ። ወደ ኦጉማ ዞረ፣ እሷ ሳህኗ ውስጥ አቀረቀረች። ወደ ኢጋራሺ ዞረ፣ እሱም እንዲሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ።

"መልሰህ ከከፈትክ ጀምሮ" አልኩት።

እጁን ጠርጎ ወጣና መጋረጃውን አውርዶ ገባ፣ ገና ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ከዚያ በእያንዳንዳችን ፊት እየቆመ ጎንበስ እያለ ይቅርታ ጠየቀን። እኛም ተነሥተን ጎንበስ አልን። ኦጉማ "እኛ ነን የበደልንህ ኖቡ፣ እኛ ነን" እያለች ፊቷን በመሐረቧ ሸፍና ታለቅሳለች። ማን ማንን ይቅርታ እንደጠየቀ እንጃ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጋረጃው አልተሰቀለም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ድስቱን እያጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር ነገረኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሳምባ ምች ተኝቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ተሻለው ብለን ሆስፒታሉን ጣፋጭ ይዘን አመሰገንን። ለካ ማሽተቱም መቅመሱም አብረው ሄደው አልተመለሱም። "ውሃና መረቅ ለእኔ አንድ ናቸው አባዬ፣ ሙቀቱን ብቻ ነው የማውቀው" አለኝ። የሚያውቀው ሰው እናትሽ ብቻ ነበረች። አንድም ቀን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ያቺ ትንሽዬ ሳህን ፍቅር ናት ስንል ለካ ቤቱን የያዘች ምሰሶ ሆና ኖራለች። እሷ ስትሞት እሱ በጣቶቿ ትዝታ ቀጠለ። አልጫ ይሆንብኛል ብሎ ሲፈራ ጥቂት ይጨምራል፣ ሳህኑ ባዶ ሲመለስለት ደግሞ ይበረታል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ቀጥሎ የነገረኝን ግን አልቻልኩትም። "አንተ ካልሲ ያጠብክበት ነው ስትል እኮ" አለኝ፣ "ቀልድ ይሁን እውነት በምን አውቃለሁ? ቶሎ ብዬ ሳዮኮን አያታለሁ። ፈገግ ካለች ቀልድ ነው፤ ያን ጊዜ እኔም እመልስልሃለሁ።" ዘጠኝ ዓመት፣ በየማለዳው። እኔ እየተጫወትኩ፣ ልጄ ደግሞ በየስድቤ ልቡ እየደነገጠ የሚስቱን ፊት ሲፈልግ። እሷም እየሳቀች ስታድነው። እኔ ደግሞ ቀልዴ ጥሟት ነው የምትስቀው ስል ነበር።

እንግዲህ እኔ ልቅመስልህ አልኩት። ሰው አይግባ፣ ሁለታችን ብቻ እንሞክር ብዬ ለመንኩት። ባለፈው ሳምንት ድስቱን ጣደ፣ የአሳማውን አጥንትና የደረቁትን ትንንሽ ዓሦች ቀቀለ፣ በነጩ ሳህን ቀድቶ ሰጠኝ። ቀመስኩ። "ጨው በዝቷል፣ ውሃ ጨምር" አልኩ። እሱ ወደ ውሃው አልሄደም። ዝም ብሎ ፊቴን ያያል። ዓይኔን ያያል፣ ከንፈሬን ያያል። ፊቴን እንደ ድንጋይ ላደርገው ሞከርኩ። ነገር ግን ሰማንያ ሁለት ዓመት በተንኮል የተጣመመ አፍ ቁም ቢሉት የት ይቆማል? የከንፈሬ ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ፣ ልቅሶ ነበር። እሱ ግን በምን ይወቅ?

ሳህኑን ከእጄ ተቀበለኝ፣ ያለ ቁጣ። "ይቅር አባዬ። ያንተን ፊት የምታነብልኝ እሷ ነበረች" አለኝ። ድስቱን ደፋው።

ቺሆ፣ ነይልን አላልኩም። ቃል ያስገባኝ ለዚሁ ነው፤ "ከሰማች ሕፃኑን አዝላ ምላስ ልትሆነኝ ትመጣለች፣ አይሆንም" ብሎኛል። የእናትሽ አፍ እንዳለሽ ሁለታችንም እናውቃለን፣ አንቺ ግን ቤት አለሽ፣ እዚያው ሁኚ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እሑድ ስትደውዪ ጀርባህ እንዴት ነው አትበዪው። እንዳወቅሽ ንገሪው። ከዚያም መረቁ ልክ ሲሆን እናትሽ ፊቷን እንዴት ታደርግ እንደነበር ጠይቂው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር ስሟን አያነሣም፣ እኔ አስቃለሁ ብሎ ይፈራል። በቀብሩ ቀን አላለቀሰም፣ እስከ ዛሬም አላለቀሰም። አንቺ ዘንድ ያለቅስ ይሆናል። ቢያለቅስ ስልኩን አትዝጊበት፣ አታባብዪው፣ ዝም ብለሽ ስሚው።

እኔም ለእሱ ልለው የነበረውን ለአንቺ የምጽፈው ወረቀት ላይ ፊቴ ስለማይታይ ነው። መረቁ ጨው በዝቶበት ነበር። ከዚያ በፊት ግን፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ፣ የእሱን የሚያህል መረቅ በዚህ ከተማ አልጠጣሁም። ይህን እኔ ብነግረው አያምነኝምና አንቺ ንገሪልኝ።

ለባለቤትሽ ለሬናቶ ሰላምታዬን አቅርቢ፣ ልጄን ስለያዘልኝ አመሰግናለሁ በዪው። ለወይዘሮ ኪዮ ብርድ ልብሳቸውን እንዳይረሱ ንገሪልኝ። ትንሹን ግንባሩን ሳሚልኝ። ኦጉማ ሰላም ብላሻለች፣ ጨው ካቆመች ወዲህ ሐኪሟ ደስ ብሎታል፣ እሷ ግን አልደላትም። ኢጋራሺም ሰላም ብሎሻል። ሁለቱ አሁንም አንድ ሰዓት ሲሆን በተዘጋው በር በኩል ያልፋሉ። አባትሽ ሰላም አላለሽም፣ እንደምጽፍልሽ አያውቅማ።

አያትሽ ቶራኪቺ
ኪታካታ፣ ኖቬምበር 24 ቀን