ለሰው የሚነሳው ካርቶን

ሱልጣኔ፣ ቡታጅራ እንዴት ናት?

እዚህ መካኒሳ አቦ ቀበሌው የግዙፍ ካርቶን ሮቦት ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። የሌላው ሁሉ ሮቦት ግራ እጁን ለመፈክር ያነሳል። አክስቴ ከድጃና ጎረቤቶቿ በሳሙና ካርቶን የሠሩት ግን በርሜል ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ሲገባ በገመድ ስበው «ኖር!» እያሉ ያስነሱታል። ዓይናቸው የደከመው ዳኛ ጋሽ ቦጋለ ሲገቡ ተነሳላቸው። ሰው መስሏቸው «በእግዜር! ኧረ ተቀመጥ ልጄ!» አሉት። ገመዱ ተይዞ አልቀመጥ ሲል እሳቸውም ሳይቀመጡ ቀሩ። ሕዝቡ በሳቅ ፍርስ አለ፤ አንደኛ ወጣን።

እኔ ግን በዚያ በታመመ እግርህ፣ በገባሁ ቁጥር ግድግዳ ይዘህ ስትነሳልኝ ታየኸኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ፤ ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ስመጣ ግን እንዳትነሳ፤ እኔው አጠገብህ ቁጭ እላለሁ።

ሙሄ